የካፒቴኑ ጆሮ

የአያ ይግዛውን ሞት የሰማሁት በገበያ መሀል ነው። ከደጀን በኩል ጨው ጭኖ የመጣ ነጋዴ አህዮቹን እያራገፈ ለጓደኛው ሲያወራ፣ «ያ ገመድ ገማጁ ሽማግሌም አረፈ። ዘመድ የለው፣ ቀባሪ የለው፤ ካህናቱ ራሳቸው ተሸክመው ቀበሩት» ሲል ደረስኩ። የወጣሁት ጥጥ ልገዛ ነበር። ጠጋ አልኩና፣ «ስሙ ማን ይባል ነበር?» አልኩት።

«ስሙንማ ማን ያውቃል እናቴ። ደንቆሮው ነበር የምንለው» አለኝ።

ጥጡን ሳልገዛ ተመለስኩ። ነጠላዬን ከል አስነክሬ ስለብስ ጎረቤቶቼ ማን ሞተብሽ ብለው መጡ። ስነግራቸው አንዷ ተነስታ ሄደች። ሌላዋ ቆየት ብላ፣ «ለባንዳም ከል ይለበሳል እንዴ ዘነቡ?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። የደብረ ማርቆስ ሰው የሚያውቃቸው ከጣሊያኑ ካፒቴን ጎን ቆመው ነው። እኔ የማውቃቸው አጥር ለአጥር ሆኜ ነው።

ቤታችንን የሚለየው አንድ የቁልቋል አጥር ነበር። አያ ይግዛው ረጅም፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ፣ ከሳቅ ይልቅ ፈገግታ የሚቀናቸው ሰው ነበሩ። ሰው ሲያናግራቸው ዓይናቸውን ይጨፍኑና ራሳቸውን ወደ ግራ ዘንበል ያደርጋሉ። ንግግሩ ካለቀ በኋላም ወዲያው አይመልሱም፤ ጥቂት ዝም ይላሉ። የማያውቃቸው ሰው እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስለውና ይናደዳል። ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው «ሰማሁ» ይላሉ። «እሺ» የሚል ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ብጠይቃቸው፣ «እሺ የአፍ ነው፤ ሰው ለመሸኘትም ይባላል። ሰማሁ ካልኩ ግን የነገርሽኝ ነገር እኔ ቤት አደረ ማለት ነው» አሉኝ።

በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ነበር። ብዙ ሳይዘልቁ አባታቸው ሞቱባቸውና ከነጋዴዎች ጋር ወደ አሥመራ ሄዱ። እዚያ መንገድ የሚያሠራ አንድ ፈረንጅ ቤት አድገው፣ ቋንቋውን ይዘው ተመለሱና ቆዳ መነገድ ጀመሩ። ያን ጊዜ ቋንቋ ማወቃቸው እንደ ጨዋታ ነበር የሚታየው። ሠርግ ቤት ሲገኙ፣ «እስቲ እንደ ፈረንጁ ተናገርልን» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ጥቂት ተናግረው ሰዉን ያስቁታል። ጣሊያን አባይን ተሻግሮ ከተማችን ሲገባ ጨዋታው ቀረ። ወታደሮች መጥተው ቋንቋ የሚያውቀው ሰውዬ የት ነው አሉ፤ ቤታቸውን ያሳዩት በሠርጉ የሳቁት ሰዎች ናቸው።

ሚስታቸው እትዬ አስካለ ኩሩ ሴት ነበሩ። «ዱር ይግቡ፤ እኔም ስንቅ ይዤ እከተልዎታለሁ» ማለታቸውን በአጥሩ በኩል ሰምቻለሁ። አያ ይግዛው እንደ ልማዳቸው ዝም ብለው ቆዩና፣ «ዱር የገባው ሁሉ ጠመንጃ ይዞ ነው። እኔ የያዝኩት ምላስ ብቻ ነው» አሉ።

«እንግዲያው ከምላስዎ ጋር ይኑሩ» አሉ እትዬ አስካለ። በማግስቱ ጓዛቸውን በአህያ ጭነው ወደ ወላጆቻቸው፣ ወደ ደምበጫ ሄዱ። አልተመለሱም።

ከተማውም ፈጥኖ ስም አወጣላቸው። መጀመሪያ «ይግዛውን ጣሊያን ገዛው» እያለ ተሳለቀ። ቀጥሎ «የካፒቴኑ ጆሮ» አላቸው፤ ይኸኛው ተለጠፈባቸው። በመንገድ ሲያልፉ ሴቶች ምራቃቸውን ይተፋሉ፣ ወንዶች ወሬ ያቋርጣሉ። እኔም ጊዜው ስለሚያስፈራ ብዙ ቀን ሰላምታ ነፍጌያቸዋለሁ። አንድ ቀን ግን ዝናብ አጥሩን ጥሎት አብረን ስናቆም፣ ለምን ጣሊያን ቤት እንደገቡ ጠየቅኋቸው።

«ፈራሁ» አሉኝ። «ሌላ ምክንያት እንዳትፈልጊልኝ።»

እንዲህ ያለ መልስ ከሰው ሰምቼ አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ለሚያደርገው ነገር የሚያምር ምክንያት ነበረው።

በዚያው ክረምት ጠመንጃ ያለው ሁሉ ያስረክብ ተብሎ ታወጀ። ነጋሪት መቺው ገበያው መሀል ቆሞ እንደ ጥንቱ፣ «ስማ፣ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ብሎ ጀመረና አዋጁን ተናገረ። ካፒቴኑ በቅሎው ላይ እንደተቀመጠ ሕዝቡን ሲያይ ቆይቶ፣ «ሰምተዋል ወይ?» ብሎ አስጠየቀ። ሕዝቡም በአንድ አፍ «ሰምተናል» አለ። ካፒቴኑ ደስ ብሎት ሄደ። ሳምንት አልፎ ሳምንት መጣ፤ ከተሰበረ ውጅግራ በቀር የመጣ ጠመንጃ የለም።

የሚቀጥለውን የነገሩኝ ራሳቸው አያ ይግዛው ናቸው። ካፒቴኑ አስጠርቷቸው፣ «ሰምተናል ብለውኛል፤ ለምን አልመጡም?» አላቸው።

«በጆሯቸውማ ሰምተዋል» አሉት።

«እንግዲያ በምን አልሰሙም?»

አያ ይግዛው ነገሩን በደንብ ሊያስረዱት ተነሱ። ገበሬ ስለ በሬው አይሰማም ሲል፣ በሬው ጆሮ የለውም ማለቱ እንዳልሆነ፤ አይታዘዝም ማለቱ እንደሆነ ነገሩት። እናት ልጇን ስማኝ ስትለው ታዘዘኝ ማለቷ ነው። ሰው ብርድ ተሰማኝ ይላል፤ ብርድ ግን ድምፅ የለውም። እግዜር ጸሎቴን ሰማኝ የሚል ሰው የለመነውን አግኝቷል። ዳኛ ነገር ሰማ ከተባለ ችሎት ተቀምጧል። ሁለት ባላጋሮች ከተስማሙ ታርቀዋል። «ሁሉም ከአንድ ቃል ነው የሚወጣው ጌታዬ» አሉት።

ካፒቴኑ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ሲጨርሱ በጥፊ መታቸው። «ይህን ከአዋጁ በፊት ነበር የምትነግረኝ» አላቸው። ከዚያ አዲስ ትእዛዝ ሰጠ። ከዛሬ ጀምሮ በእሱ ፊት ሰማሁ ያለ ሰው አወቅሁ፣ ታዘዝኩም እንዳለ ይቆጠራል። ሌላ ትርጉም የለም። ይህ ብቻ አልበቃውም፤ ሰው የሚለውን በገዛ ጆሮው ሊለይ ፈለገና አያ ይግዛው ከቀትር በኋላ አማርኛ እንዲያስተምሩት አዘዘ።

«በግእዝማ ከዚህ ይከብዳል» አሉኝ በአጥሩ በኩል። «ሰምዐ ሰማ ማለት ነው። ከዚያው ግንድ ስምዕ ይወጣል፤ ምስክርነት ማለት ነው። ከዚያው ሰማዕት ይወጣል። ይህንን አላስተማርኩትም፤ ባስተምረው ሰምቻለሁ ያለውን ሁሉ ሰማዕት ሊያደርግልን ነው።» ፈገግ አሉ። በዚያ ዘመን ፈገግ ሲሉ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው መሰለኝ።

አቶ ቢሻው የተያዙት ከመከር በኋላ ነው። ከቁይ በኩል የሆኑ፣ ዕድሜ የጠገቡ ገበሬ ነበሩ። አርበኞች በቀበሌያቸው አልፈዋል ተብሎ ከነልጃቸው ከጥሩነሽ ወደ ካፒቴኑ ግቢ አመጧቸው። ካፒቴኑ በአያ ይግዛው አፍ፣ «ሽፍቶቹ የት እንዳደሩ ታውቃለህ?» ብሎ ጠየቃቸው። አቶ ቢሻውም ማንኛችንም የምንለውን አሉ፤ «ሰምቻለሁ እንጂ አላየሁም።»

አያ ይግዛው ቃሉን እንደ ወረደ አደረሱ። ምንም አልጨመሩም፣ ምንም አልቀነሱም። ካፒቴኑ ከመጀመሪያው ቃል አላለፈም። ሰምቷል፤ ስለዚህ አውቋል። አውቆ አልነገረኝም፤ ስለዚህ ከእነሱ ጋር ነው። አያ ይግዛው ይህ ወሬ ሰማሁ ማለት ነው ብለው ሊያስረዱ ቢነሱ፣ ካፒቴኑ እጁን አንስቶ፣ «በዚህ ቤት ሌላ ትርጉም የለም ብዬሃለሁ» አላቸው። አቶ ቢሻውን ገበያተኛው እያየ ሰቀሏቸው። ጥሩነሽ አስከሬኑን እንድትወስድ የተፈቀደላት ከብዙ ልመና በኋላ ነው።

ያን ሰሞን ከአያ ይግዛው ቤት ጭስ አይወጣም ነበር። ሰው ነኝና አላስችል አለኝ፤ እንጀራ በሹሮ ይዤ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን ያያሉ። እንጀራውን ተቀብለው ጎናቸው አስቀመጡትና፣ «ዘነቡ፣ ሰውዬው ያለውን ነው ያልኩት» አሉኝ።

«አውቃለሁ።»

«አንድ ቃል አላጎደልኩም። አስተርጓሚ ማለት እሱ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ብዋሽ ኖሮ ዛሬ ሰውዬው ገብስ ይወቃ ነበር።»

 እንጀራውን እንዲበሉ ለምኛቸው ወጣሁ። በማግስቱ እንጀራውን ከነሳህኑ አጥሩ ላይ አገኘሁት።

ወንድሜ አንተነህ የተያዘው ከዚያ ወዲህ ነው። ዲያቆን ነበር፤ ደግሞም ግልፍተኛ። ለአርበኞች እህል መጫኑንስ በእርግጥም ይጭን ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር። የጠቆመው አንድ የሰፈራችን ሰው ነው። በጠዋት ጠርንፈው ሲወስዱት ተከትዬ ሮጥኩ። የእስረኛ ዘመድ ግቢው ዳር፣ ግንቡ ሥር መቆም ይፈቀድለት ነበርና ከሌሎች ሴቶች ጋር ቆምኩ። ካፒቴኑ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። አያ ይግዛው እንደ ሁልጊዜው በካፒቴኑና በእስረኛው መሀል፣ ፊታቸውን ወደ ወንድሜ አዙረው ቆመዋል።

መጀመሪያ ጠቋሚው ቀረበ። «እህል ለሽፍታ ሲጭን ሰምቻለሁ» አለ።

አያ ይግዛው ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡት። «የአህያውን ኮቴ ሰማህ ወይስ ሰዎች ሲያወሩ ሰማህ?» አሉት።

ሰውዬው ተደናገረ። «ሲወራ ነው የሰማሁት» አለ። ያንን ተረጎሙ። ካፒቴኑ አልተደሰተም፤ ቢሆንም ጠቋሚውን ገለል አደረገውና ወደ ወንድሜ ዞረ። ለሽፍታ እህል የሚሰጥ በሞት ይቀጣል የሚለውን አዋጅ ሰምተሃል ወይ ብሎ አስጠየቀው።

ወንድሜ አንገቱን ቀና አደረገ። «ሰምቻለሁ። ግን አልሰማሁም» አለ።

ግንቡ ሥር የቆምነው ሁሉ ገባን። ጆሮዬ ሰምቷል፤ እኔ ግን አልታዘዝኩም ማለቱ ነበር።  አያ ይግዛው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንደዚያ ቀን ረጅም ሰዓት ዝም ሲሉ አይቻቸው አላውቅም። ካፒቴኑም ከትምህርቱ የያዛት ጥቂት አማርኛ ነበረችውና፣ «አልሰማሁም ብሏል። ምን ማለቱ ነው?» አላቸው።

አያ ይግዛው በጣሊያንኛ ረዘም አድርገው ተናገሩ። የተባባሉትን ኋላ ከራሳቸው ነው ያወቅሁት። ይህ ልጅ ጆሮው የታመመ ነው፤ አዋጅ መታወጁን ከሰው ተረድቷል፣ ነጋሪቱንና ቃሉን ግን በገዛ ጆሮው አልሰማም፤ ስለዚህ ሰምቻለሁም አልሰማሁምም አለ፤ ነው ያሉት።

«ለጥያቄዬ መለሰ እኮ» አለ ካፒቴኑ።

«አፌን እያየ ነው። ስለዚህ ነው ፊት ለፊቱ የምቆመው።»

ካፒቴኑ ተነስቶ ከበረንዳው ወረደ። ወንድሜን በትከሻው ይዞ ወደ ግንቡ፣ ወደ እኛ በኩል አዞረው። ወንድሜ ምን እየተባለ እንደሆነ አንዲት ነገር አያውቅም። ቋንቋውን አይሰማም፤ በአማርኛ ቢነግሩት ደግሞ ካፒቴኑ ይሰማል። በዚህ መሀል አያ ይግዛው እንደሚያዝን ሰው ተንፍሰው፣ በቀስታ «እግዚኦ፣ ኩን ጽሙመ» ሲሉ ሰማኋቸው። ካፒቴኑ ምን አልክ ሲላቸው፣ «ጸሎት ነው» አሉት።

ጸሎት አልነበረም። በግእዝ ደንቆሮ ሁን ማለት ነው። እኔ አልገባኝም፤ ወንድሜ ግን ዲያቆን ነው። ፊቱ ወደ እኔ ስለዞረ አየሁት፤ ዓይኑ አንድ ጊዜ ተርገበገበና ደረቀ።

ካፒቴኑ አስካሪውን፣ ቅጥር ጥቁር ወታደሩን፣ ጠርቶ አያ ይግዛውን አሳየው። ወንድሜን እንዲመታ አልነበረም ያዘዘው። ደንቆሮ ከሆነ ከጀርባው ሰው ሲገረፍ አይዞርም፤ ካልሆነ ግን ያዳነው ሰው ሲጮህ ይዞራል። ይህንን ነው ያሰበው።

አለንጋው አያ ይግዛው ጀርባ ላይ ወረደ። ደጋግሞ ወረደ። አንድም ድምፅ አላሰሙም። ቢጮሁ ወንድሜ እንደሚዞር ያውቁታል። እኔ የነጠላዬን ጫፍ በጥርሴ ይዤ የወንድሜን ፊት ብቻ አያለሁ። አስካሪው ሲደክመው ካፒቴኑ ጠመንጃውን አመለከተው። አስካሪው በሰደፉ ግራ ጆሯቸው ላይ መታቸው። ያን ጊዜ ሲወድቁ ሰማሁ፤ እንደ ጆንያ ነው የወደቁት። ወንድሜ አልዞረም። እንባው ግን ጢሙን አልፎ ይንጠባጠብ ነበር። ካፒቴኑ ከኋላ ስለነበር አላየውም።

«ደንቆሮ ነው፤ ልቀቁት» አለ ካፒቴኑ።

አብረውኝ የቆሙት ሴቶች ባንዳው በጌታው መገረፉን አይተው እርስ በእርሳቸው ተያዩ። «እሰይ፣ ዋጋውን አገኘ» አለች አንዲቷ በሹክሹክታ።  ብናገር ወንድሜን መልሰው እንደሚይዙት አውቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ካፒቴኑ አያ ይግዛውን ከበፊቱ ይበልጥ አመናቸው። እውነተኛ መሆናቸውን በአለንጋ ያረጋገጠ መሰለው። ስለዚህ በሥራቸው ቆዩ፤ የከተማውም ጥላቻ ባለበት ቆየ። እኔ እንደማስበው ከዚያን ጊዜ ወዲህ በዚያ በረንዳ ላይ ብዙ ነገር ተጣሞ ተተርጉሟል። የዳነ ሰው ግን በምን እንደዳነ አያውቅም፤ የሞተው ሰው ዘመድ ማን እንዳስገደለበት የሚያውቅ ይመስለዋል። ሁሉንም አላዳኑም። አንዳንዱን ቃል ማንም ሊያጣምመው አይችልም ነበር።

ላመሰግናቸው አጥሩ ጋ ስጠራቸው ግራ ጆሯቸው በጨርቅ ታስሮ ነበር። «አያ ይግዛው፣ እርስዎ...» ብዬ ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ምንም አላየሽም። ለወንድምሽም ንገሪው፤ ከዚህ አገር ይጥፋ። ደንቆሮ ሆኖ ብዙ አይቆይም፤ ግልፍተኛ ነው።»

ወንድሜ ዱር ገባ። ከመሄዱ በፊት ነው የግእዙን ነገር የነገረኝ። «ነጻ ስንወጣ በአደባባይ እመሰክርለታለሁ» ብሎ ማለልኝ። ነጻነቱን አላየም፤ አባይ በረሃ ላይ በጥይት ተመትቶ እዚያው ቀረ።

ጣሊያን ሲወጣ ከተማው እንደ ሠርግ ቤት ሆነ። ደስታው ጋብ ሲል ባንዳ ይለይ ተባለ። ሽማግሌዎች ከዋርካው ሥር ተቀመጡና አያ ይግዛው ቀረቡ። ያን ጊዜ ግራው ጆሮ ጨርሶ ጠፍቶ ቀኙም እየከዳቸው ነበር። ሰው ሲናገር እንደ ድሮው ዘንበል ይላሉ፤ ግን የሚያዘነብሉት የሞተውን ጆሮ ነበር። ልማድ ነው።

ጥሩነሽ ተነሳች። «አባቴን ያሰቀለው ምላስ ይኸ ነው» አለች። ሌላ አልጨመረችም፤ አላለቀሰችምም። ሰዉ ሁሉ አጉረመረመ።

እኔም ተነሳሁ። የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ፤ አለንጋውን፣ ሰደፉን፣ ደንቆሮ ሁን ያሉትን። አንዱ ሽማግሌ፣ «ወንድምሽ የት አለ?» አለኝ።

«አባይ በረሃ ወድቋል።»

«ነፍሱን ይማር። ታዲያ ምስክርሽ ማነው?»

«እዚያ የቆሙ ሴቶች ነበሩ፤ ሲገረፉ አይተዋል።»

«ሲገረፍማ አይተናል» አለች ያን ቀን ከጎኔ የነበረችው። «ለምን እንደተገረፈ ግን እሱና ጣሊያን ያውቃሉ።»

ከኋላ አንድ ሰው፣ «አንተነህ ደንቆሮ አልነበረም። ደንቆሮ ነው ብሎ ከነበረ ውሸታም ነው ማለት ነው» አለ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ሽማግሌው እጁን አወዛውዞ ተቀመጪ አለኝ። ሰሚ አጣሁ። ከሁሉ ይልቅ ያቃጠለኝ ግን አያ ይግዛው ናቸው። ወደ እሳቸው ስመለከት፣ ስናገር የቆየሁት ቃል አንዱም አልደረሳቸውም። አፌ ሲንቀሳቀስ አይተዋል፤ የሰዉንም ሳቅ አይተዋል። እንደ ከሳሽ ነው ያዩኝ።

ከአገር ይውጣ፣ ቤቱም ይወረስ ተብሎ ተፈረደ። ሽማግሌው ተነስቶ ቀኝ ጆሯቸው ላይ ጮኾ፣ «ከአገር ውጣ ተብለሃል፤ ሰምተሃል?» አላቸው።

አያ ይግዛው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ከዚያ «ሰምቻለሁ» አሉና በትራቸውን ይዘው በደጀን መንገድ ወጡ። ወደ ቤታቸው እንኳ አልተመለሱም።

ደጀን መኖራቸውን ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ፣ በአንድ ነጋዴ ወሬ ነው። ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ለጭነት የሚሆን የቃጫ ገመድ ይገምዳሉ። ጠጉራቸው ነጥቷል፤ ዓይናቸውንም ሞራ ጋርዶታል። ጣታቸው ብቻ ነበር የማይሳሳተው። ሩቅ አገር ተጉዤ ስለመጣሁ የምለውን ሁሉ በመንገድ ላይ አዘጋጅቼው ነበር። ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምኩና፣ «አያ ይግዛው፣ ዘነቡ ነኝ፤ የአንተነህ እኅት» አልኳቸው።

ሥራቸውን አቆሙ። ፊቴን ሊያዩ ሞከሩ፤ ጥላዬን ብቻ ነው ያዩት መሰለኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩ። ከዚያም ጮህኩ። መንገደኞች ቆመው እስኪያዩኝ ድረስ ጮህኩ። እሳቸው ግን በመዳፋቸው የነጠላዬን ጫፍ፣ የቀሚሴን እጅጌ ዳበሱና ሴት መሆኔን ለዩ። 

«መጣሽ?» አሉኝ። «አንድ ቀን እንደምትመጪ አውቅ ነበር ጥሩነሽ።»

«አይደለሁም» አልኩ። «ዘነቡ ነኝ አያ፣ ዘነቡ።»

«አባትሽ ያለው ሰምቻለሁ ብቻ ነበር። እሱን ነው ያደረስኩት። ሌላ ቃል አልጨመርኩበትም ልጄ፤ ግን መጨመር ነበረብኝ።»

መሬቱን በእጃቸው ዳብሰው ገመዱን የሚያስሩበትን ድንጋይ አገኙ። ይቅርታ እንደሚለምን ሰው አንስተው ማጅራታቸው ላይ አደረጉትና ፊቴ አጎነበሱ። ድንጋዩ ከባድ ነው፤ አንገታቸው ቀጭን ነው። 

ያን ድንጋይ ማንሳት የጥሩነሽ እንጂ የእኔ ፈንታ እንዳልነበረ አውቃለሁ። የሞተው የእሷ አባት ነው፤ ያዘነችው እሷ ናት። ሄጄ ልለምናት አሰብኩ። ግን መንገዱ ሩቅ ነው፤ እሷም እንደማትመጣ አውቅ ነበር፤ ሽማግሌው ደግሞ አጎንብሰው ይጠብቃሉ።

ድንጋዩን ከማጅራታቸው ላይ አንስቼ መሬት አስቀመጥኩት።

ቀና አሉ። «እግዜር ይስጥሽ፣ ጥሩነሽ» አሉኝ፤ እንደገናም ቃጫቸውን ፈልገው መገመድ ጀመሩ። ጥቂት አጠገባቸው ተቀመጥኩና ፀሐዩ ሲያዘቀዝቅ ወደ አገሬ ተመለስኩ።